ባሕር ሸሽ፦ የአንድ ሥዕል የሥራ ማስታወሻ

ጥቅምት 6፣ 2010 ዓ.ም.

ሥራውን ዛሬ ጀመርሁ። ባሕር ዳር መኖር ከጀመርሁ ዐሥራ አንድ ዓመት ሞልቶኛል። በእነዚህ ዓመታት ገበያውን፣ ዘንባባ የተተከለባቸውን መንገዶችና ከድልድዩ ሥር የሚወርደውን ዓባይን ደጋግሜ ሥያለሁ፤ ተወልጄ ያደግሁበትን የጣና ምዕራባዊ ዳርቻ ግን አንድ ቀን እንኳ ሸራ ላይ አላሳረፍሁትም። መንደሩ ግልገል ዓባይ ወንዝ ወደ ሐይቁ ከሚገባበት ብዙ የማይርቅ፣ ገበያው ቁንዝላ የሆነ፣ ሜዳ ላይ የተቀመጠ ነው። ባለፈው ክረምት አጎቴ ለጉዳይ ወደ ከተማ መጥተው፣ በመንደሩ ባለ እጅ ፓምፕ የውኃ ጉድጓድ ከተቆፈረ ወዲህ ሴት ልጆች ወደ ሐይቁ መውረድ እንደተዉና እኛ እንስራ አዝለን የምንመላለስበትን መንገድ ሣር እንደዋጠው ነገሩኝ። ለልጆቹ ከልቤ ደስ ብሎኛል፤ መንገዱ ወገብ የሚያጎብጥ ነበር። ይሁን እንጂ ያን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰደኝም። መንገዱን የሚያውቀው እግሬ ነው፤ እጄ ሥሎት አያውቅም፤ የሚያውቁት እግሮች ሲያልቁ ምን እንደሚቀር እያሰብሁ አነጋሁ።

የእኛ ሰው ጣናን «ባሕር» ይለዋል፤ «ሐይቅ» የሚለውን ቃል የሰማሁት ትምህርት ቤት ከገባሁ በኋላ ነው። የምኖርባት ከተማም ስሟን ያገኘችው ከዚሁ አጠራር ነው። ስለዚህ የምሥለው የባሕር ዳር ነው፤ ከተማዋን ማለቴ ሳይሆን ዳሩን።

ያሰብሁት ሥዕል ወርዱ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 1 ሜትር የሆነ አግድም ሸራ ነው። ፍሬሙን ከዋንዛ እንዲሠራልኝ ለአናጢው ነገርሁት፤ ባሕር ዛፍ ርካሽ ቢሆንም ሲደርቅ ስለሚጣመም፣ ይህን ያህል ርዝመት ያለው ሸራ ላይ መድፈር አይገባም።

ጥቅምት 13

ፍሬሙ በእጅ ጋሪ ተጭኖ መጣ፤ በባጃጅ የሚሞከር አልነበረም። አቡጀዲውን ወጥሬ መጀመሪያ በቀጭን ሙጫ ለሰንሁት። ይህ ደረጃ የማይታለፍ ነው፤ ዘይቱ በቀጥታ ጨርቁ ውስጥ ከገባ ክሩን ከዓመት ዓመት እያደረቀ ያበሰብሰዋልና። ሙጫው ሲደርቅ ጀሶና ነጭ ቀለም በሙጫ በጥብጬ ሦስት ጊዜ ቀባሁ፤ በየመካከሉም በብርጭቆ ወረቀት አለዘብሁት።

ጥቅምት 21

መንደር ደርሼ ተመለስሁ። ክረምቱ ካለፈ በኋላ ሐይቁ ከፍ የሚልበት ጊዜ መስከረም መጨረሻና ጥቅምት ስለሆነ፣ ውኃው ከደጃፍ እንደሚጠብቀኝ አውቅ ነበር፤ እንዳሰብሁትም ሆነ። ከእናቴ ቤት የደጃፍ ድንጋይ ተነሥቼ እግሬ ውኃ እስኪነካ ድረስ ቆጠርሁ፦ 62 እርምጃ። የልጅነት እርምጃዬ ከዚህ ያጠረ ስለነበር የያኔው ቁጥር ይበልጥ ነበር፤ ነገር ግን ለሥዕሉ መለኪያ የሚሆነኝን አንድ እግር መምረጥ ስለነበረብኝ የዛሬውን መረጥሁ።

ጣና ሰፊ እንጂ ጥልቅ አይደለም። ስፋቱ 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ሲሆን ከሁሉ የጠለቀው ቦታ 14 ሜትር ያህል ብቻ ነው። በዓመት ውስጥ ከፍና ዝቅ የሚለው ልዩነትም አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። በዘጌ በኩል ዳሩ ድንጋያማና ዳገታማ ስለሆነ ይህ ልዩነት ብዙም አይታይም፤ በእኛ በኩል ግን መሬቱ እንደ ምጣድ የተዘረጋ በመሆኑ፣ ውኃው አንድ ስንዝር ዝቅ ባለ ቁጥር ትልቅ ማሳ የሚያህል መሬት ይገለጣል። ይህን የሚገለጠውን መሬት «ባሕር ሸሽ» እንለዋለን። ውኃው በሸሸ እግር ገበሬው ተከትሎ በእርጥበቱ ላይ ሽምብራና ጓያ ይዘራበታል፤ ክረምት ሲመጣ ባሕሩ ተመልሶ ይወስደዋል። ባለቤቱ በዓመት ሁለት ጊዜ የሚለዋወጥ መሬት ነው።

ኅዳር 4

የመጀመሪያው ሙከራ ወደቀ። ሁለት ሳምንት የሠራሁበትን ግማሽ ሸራ ዛሬ በስፓቱላ ፍቄ አነሣሁት።

ስሕተቱ ከቀለሙ ይጀምራል። ሳላስበው እጄ ወደ ሰማያዊው ቱቦ ሄዶ ውኃውን በሙሉ ሰማያዊ አደረገው፤ ሥዕሉም በሆቴል መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ከሚሰቀሉት የጉብኝት ፎቶግራፎች አንዱን መሰለ። በልጅነቴ ያየሁትን ውኃ ቁጭ ብዬ ለማስታወስ ስሞክር ግን ሰማያዊ ያየሁበትን ቀን አላገኘሁም። እንስራውን ስደፍቀው የሚገባው ውኃ የጠላ ቂጣ ዓይነት ቡናማ ነበር፤ ጠዋት ነፋስ ሳይነሣ ከሩቅ ሲታይ እንደ ቆርቆሮ ይነጣል፤ ከሰዓት በኋላ ነፋሱ ከባሕር ወደ የብስ ሲነፍስ ደግሞ ሥሩ ተበጥብጦ የአመድና የአፈር ድብልቅ ይሆናል። ምክንያቱ የታወቀ ነው። ግልገል ዓባይ ከሰከላ ተነሥቶ የሜጫንና የአቸፈርን አፈር ይዞ ይወርዳል፤ ያመጣው ደለል ጥልቀት በሌለው ውኃ ውስጥ በቶሎ አይረጋም፤ የረጋውንም ማዕበሉ መልሶ ያነሣዋል። የጣና ቀለም የአፈር ቀለም ነው፤ ሰማዩ ከላይ የሚለብሰው ነጠላ ነው።

ይህን ካወቅሁ በቱቦ ቀለም ማስመሰሉ ለምን? አፈሩ ራሱ ይምጣ።

ኅዳር 18

ሁለት ጆንያ አፈር አለኝ። አንደኛው ከመራዊ ወዲያ ካለው ደጋማ መሬት የተቆፈረ ቀይ አፈር ሲሆን፣ ሁለተኛው አጎቴ ከባሕር ሸሹ ላይ ቆፍረው በሰው እጅ የላኩልኝ ጥቁር ዋልካ ነው። አንዱ የወንዙ መነሻ፣ ሌላው መድረሻው መሆኑ ደስ አሰኝቶኛል።

አፈርን ቀለም የማድረጉ ሥራ ትዕግሥት እንጂ ጥበብ አይጠይቅም። አፈሩ በባልዲ ውኃ ውስጥ ይበጠበጣል፤ አሸዋውና ጠጠሩ ወዲያው ወደ ታች ሲወርድ፣ ደቃቁ ገና ተንሳፍፎ ሳለ ውኃው ቀስ ተብሎ ወደ ሁለተኛ ባልዲ ይገለበጣል። በሁለተኛው ባልዲ ውስጥ አድሮ ሲረጋ ከላይ ያለው ጠራ ያለ ውኃ ይደፋል፤ ደለሉም በጨርቅ ላይ ተሰጥቶ ይደርቃል። ሦስት ጊዜ ደገምሁት። እናቴ ጠላ ስትጠምቅ፣ አተላውን እንዳይነሣ እያባበለች ከጋን ስትቀዳ ያየሁት እጅ አሁን የእኔ ሆኖ አገኘሁት።

ኅዳር 25

የደረቀውን አፈር ወቅጬ በሐር ጨርቅ ነፋሁትና በተልባ ዘይት ለወስሁት። ለማነጻጸር ያህል ጥቂቱን በኑግ ዘይትም ሞክሬ ሁለቱንም በትንንሽ ሸራ ላይ ቀባሁ።

ታኅሣሥ 15

የተልባው በሳምንቱ ደርቋል፤ የኑጉ እስከ ዛሬ ጣት ይይዛል። ኑግ ለወጥ ይሁን።

የከበደው ነገር ሌላ ነው። ቀዩ አፈር እንደ ቬልቬት ተኝቶ፣ ውፍረቱም እኩል ሆኖ ደርቋል። ዋልካው ግን ወፈር ብሎ በተቀባበት ሁሉ ተሰነጣጥቋል፤ ያውም ዝም ብሎ አይደለም። ስንጥቁ አምስትና ስድስት ጎን እየሠራ፣ በየካቲትና በመጋቢት ባሕር ሸሹ ላይ የምናየውን፣ ጥጃ እግሩን የሚሰብርበትን ንቃቃት ቁርጥ አድርጎ አወጣው። ለአንድ ሰዓት ያህል ፊቱ ቆሜ ቀረሁ። ሥዕሉ ራሱን የሠራ ይመስል ነበር፤ እንዲህ እንዳለ ልተወው የሚለው ፈተናም ቀላል አልነበረም።

በጥፍሬ ጫፍ ብነካው ግን ቅርፊቱ ተነሥቶ ወደቀ። የዋልካ ጠባይ ይኸው ነው፤ ውኃ ሲጠጣ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይኮማተራል፤ ዘይት ውስጥም ቢገባ ከአየሩ እርጥበት መሳቡን አይተውም። በባሕር ዳር ክረምት ውስጥ አንድ ዓመት የማይቆይ ሥዕል ለሰው መሸጥም ሆነ ለልጅ ማውረስ አይቻልም። የሚረግፍን ነገር ለማኖር ተነሥቼ የሚረግፍ ነገር መሥራት አልፈልግም። ትንሿን ሸራ ግን አልጣልኋትም፤ ንቃቃቱን እያየሁ የምሥልባት ሞዴል ሆና ግድግዳው ላይ ተሰቅላለች።

ጥር 14

ለጥምቀት መንደር ሄጄ ነበር። ሁለተኛው ቆጠራ 290 እርምጃ ሆነ።

ከ62ኛው እርምጃ ጀምሮ ያለው ሁሉ ሽምብራ ነው። በጥቁር መሬት ላይ ያ ልስልስ አረንጓዴ እንዴት እንደሚበራ ረስቼው ነበር። ከሽምብራው ወዲያ ገና ያልጠነከረ ጭቃ፣ ከጭቃው ወዲያ ፊላና ደንገል፣ ከደንገሉ ወዲያ ውኃ አለ። በጭቃውና በሽምብራው መካከል፣ ከሩቅ አገር ለበጋ የሚመጡት ረጃጅም ግራጫ ወፎች በመንጋ ቆመው ይለቅማሉ፤ በየካቲትና በመጋቢት ተነሥተው ይሄዳሉ። በልጅነታችን እነርሱን ከአዝመራ ማባረር የእኛ ሥራ ነበር።

ማታ ከአጎቴ ጋር እሳት ዳር ተቀምጠን ጠየቅኋቸው።

«አያ፣ ፊት ውኃው በግንቦት እስከ የት ይሸሽ ነበር?»

«ይሸሽ ነበር አትበይ፣ ዛሬም ይሸሻል» አሉኝ። «የፊቱ ቀኑን ያውቅ ነበር፤ ያሁኑ ቀኑን አያውቅም።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ ይገባኛል። በ1988 ዓ.ም. ዓባይ ከጣና በሚወጣበት በጨረጨራ ግድብ ከተሠራ በኋላ የሐይቁ ከፍታ በበር የሚያዝና የሚለቀቅ ሆነ። በ1995 ዓ.ም. ውኃው መርከብ እስኪቸገር ድረስ ወርዶ፣ ሰው ከዚያ በፊት ታርሶ የማያውቅ መሬት አረሰ። በ2002 ዓ.ም. ደግሞ የጣና በለስ ኃይል ማመንጫ ተመረቀ፤ 460 ሜጋ ዋት የሚያመነጨው ውኃ የሚገባው በቁንዝላ አቅራቢያ ካለው መቀበያ ሲሆን፣ ከዚያ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በምድር ውስጥ ተጉዞ ማመንጫው ከደረሰ በኋላ ወደ በለስ ወንዝ ይወርዳል። እኔ በተወለድሁበት ዳርቻ መብራት የሚሆን ውኃ እየሄደ መሆኑን ሳስብ ቅሬታ አይሰማኝም፤ ማታ የምሠራው በመብራት ነው። ነገር ግን ልሥለው የተነሣሁት ዳር፣ ባሕሩ ለዝናብ ብቻ ይታዘዝ የነበረበት ጊዜ ዳር መሆኑን ማወቅ አለብኝ። እርምጃውን የምቆጥረው ዛሬ፣ የማስታውሰው ያኔን ነው፤ ሥዕሉ ሁለቱን መያዝ ይኖርበታል።

የካቲት 1

ጾሙ ሳይገባ ወደ ዘጌ በጀልባ ተሻገርሁ። ከከተማው ወጣ እንዳልን የሚታየው ክብራን ገብርኤል ሴቶች የማይገቡበት ገዳም ስለሆነ ከሩቅ ተሳልሜው አለፍሁ፤ የሄድሁበት ኡራ ኪዳነ ምሕረት ግን ለሁሉም ክፍት ነው። ቡናውንና ሎሚውን እያቋረጥሁ በጥላው ውስጥ ስወጣ፣ በዚህ ልሳነ ምድር በበሬ እንደማይታረስ፣ ጫካውም እስከ ዛሬ የቆየው በዚህ ልማድ እንደሆነ አስታወስሁ። ዳር ሁሉ አንድ አይደለም፤ የዘጌ ዳር የሚቆም ዳር ነው፤ የእኛ የሚሄድ።

የሄድሁት ሥዕሎቹ ከግድግዳው ጋር እንዴት እንደተያያዙ ለማየት ነበር። የመቅደሱ ሥዕሎች በጨርቅ ላይ ተሥለው ጨርቁ በጭቃው ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ነው፤ ጠርዙ በተነሣበት ቦታ ክሩ ይታያል። ይሁን እንጂ ከዚያ ይዤ የወጣሁት ሌላ ነገር ነው። የጥንት ሠዓሊዎቻችን ሜዳን ወደ አንድ ነጥብ እየጠበበ እንዲሄድ አያደርጉትም፤ የራቀው ነገር ከቅርቡ በላይ ይቀመጣል፣ መጠኑም በርቀቱ ሳይሆን በክብሩ ይወሰናል። ዓይን መሬቱን ከእግር ሥር ጀምሮ ወደ ላይ ይወጣበታል። ቆሜ ሳይ የእኔ ሦስት ሜትር አግድም ሸራ ለምን እንደማይናገር ገባኝ። አግድም ሸራ ባሕርን ቆሞ የሚያይ ሰው ሸራ ነው። እኔ ባሕርን ቆሜ አላየሁትም፤ ሄጄበታለሁ። ያ መንገድ በሥዕል ላይ የሚዘረጋው ከታች ወደ ላይ ነው።

የካቲት 9

ሸራው ቆመ። የክፍሌ ጣሪያ ቁመቱ 2.70 ሜትር ብቻ በመሆኑ ሦስት ሜትሩ አልገባ ብሎ፣ አናጢው መጥቶ ፍሬሙን ወደ 2.40 በ90 ሳንቲ ሜትር አሳጠረው። ጨርቁን አዲስ ወጥሬ እንደገና ለሰንሁት።

መለኪያውን እንዲህ ወሰንሁ፦ አንድ እርምጃ 3.5 ሚሊ ሜትር። በዚህ ስሌት የጥቅምቱ 62 እርምጃ ከታች ጠርዝ 21.7 ሳንቲ ሜትር ላይ፣ የጥሩ 290 እርምጃ 101.5 ሳንቲ ሜትር ላይ ይወድቃል። ሁለቱንም በከሰል ምልክት አደረግሁባቸው። ከዚያ በላይ ያለውን ለግንቦቱ ቆጠራ ነጭ አድርጌ ትቼዋለሁ። በግምቴ ለውኃው ግማሽ ሜትር ገደማ ይተርፈኛል።

የካቲት 23

የዋልካው ነገር መፍትሔ አገኘ፤ ያገኘሁትም ከሸክላ ሠሪ እናት ነው። ጀበናና ምጣድ ከሚሠሩ አንዲት አዛውንት ዘንድ ሄጄ የተሰነጠቀችውን ሸራ አሳየኋቸው። ገልብጠው አዩአትና «ልጄ፣ ዋልካ እሳት ካላየ ልብ አይገዛም» አሉኝ።

ነገሩ በእርግጥም እንዲያ ነው። አፈሩ በደንብ ከተተኮሰ ውኃ የመምጠጥና የማበጥ ጠባዩን ያጣል፤ ሸክላ ውኃ ሲገባበት ተመልሶ ጭቃ የማይሆነውም ለዚህ ነው። የነጠርሁትን ዋልካ እንደ ዳቦ ጠፍጥፌ ወሰድሁላቸውና በኩበትና በእንጨት ከምጣዶቻቸው ጋር አብረው ተኮሱልኝ። ዋጋ ብጠይቃቸው የተቀበሉኝ የእንጨቱን ድርሻ ብቻ ነው። ጥቁሩ አፈር ከእሳቱ ሲወጣ የተቆላ ቡና ልጣጭ የሚመስል ቡናማ ሆኗል፤ በውስጡ ያለው ብስባሽ ተቃጥሎ ሲያልቅ ብረቱ ብቻውን ቀርቷልና። ወቅጬ ነፍቼ በተልባ ዘይት ብለውሰው፣ ዐሥር ቀን ቆይቶም አንዲት ስንጥቅ አላወጣም። ጥቁሩን የምፈልግበት ቦታ ላይ ጥቂት ከሰል እጨምርበታለሁ።

መጋቢት 7

ሥዕሉ እየሄደ ነው። ሸራውን በሙሉ በመጀመሪያ በሙጫ በተበጠበጠ ስስ ቀይ አፈር ሸፈንሁት፤ ከላይ የሚመጣው ሁሉ በዚህ ላይ ያርፋል። ከሥር ያለው ቀይ በየቦታው እንዲያጮልቅ ስለምተወው፣ አረንጓዴውም ግራጫውም ሙቀት አላቸው። ደረጃውን በጥንቃቄ እጠብቃለሁ፤ ዘይት የበዛበት ቀለም ዘይት ባነሰበት ላይ ይቀባል እንጂ ተገላቢጦሹ አይሆንም፤ ያለዚያ የላይኛው ቀድሞ ደርቆ የታችኛው ሲጎትተው ይቀደዳል።

ከታች ያለው 21.7 ሳንቲ ሜትር የደጃፉ መሬት ነው፦ የተረገጠ፣ የደነደነ፣ አመድ የተደፋበት፣ የዶሮ ጭረት ያለበት። ይህን ክፍል በፍጥነት ጨረስሁት። ከዚያ በላይ ያለው የሽምብራው መሬት ግን ዐሥራ ስድስት ቀን ወሰደብኝ። ሽምብራን ቅጠል በቅጠል መሣል ውሸት ይሆናል፤ አረንጓዴ ብቻ አድርጎ ማለፍም ስንፍና ነው። ጠዋት ጠዋት ለሽምብራ እሸት ነቀላ ስንሄድ እግራችንን የሚያቃጥለንን ጨው መሰል ጤዛ ትዝ ሲለኝ ግን እጄ መንገድ አገኘ። የሽምብራ ቅጠል ኮምጣጣ ጤዛ አለው፤ ዕራፊ ጨርቅ በላዩ አሳድረው ሲጨምቁት እንደ ኮምጣጤ ያለ ውኃ ይወጣዋል። ያ ጤዛ በብርሃን ፊት ነጣ ያለ ግራጫ መጋረጃ ይሠራል። ደረቅ በሆነ ብሩሽ፣ እጅግ ጥቂት ነጭ ይዤ፣ በአረንጓዴው ላይ ሳልጫን አለፍሁበት፤ መሬቱ ተነፈሰ።

መንገዱ ራሱ በሥዕሉ ላይ አልተሣለም። ከታች እስከ ላይ አራት ጣት የሚያህል ወርድ ያለው ቦታ ላይ ከቀዩ በቀር ምንም ቀለም አላሳረፍሁበትም። መንገድ ማለት ያልበቀለበት ማለት ነው።

ሚያዝያ 12

የብርሃን ችግር ገጠመኝ። የሥዕል መማሪያ መጻሕፍት ሠዓሊ መስኮቱን ወደ ሰሜን ያድርግ፣ ፀሐይ በቀጥታ ስለማትገባበት ብርሃኑ ቀኑን ሙሉ አይለዋወጥም ይላሉ። ክፍሌንም የተከራየሁት በዚሁ ምክንያት ነበር። ሕጉ ግን ለሩቅ ሰሜን አገሮች የተጻፈ ነው። ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11 ዲግሪ ተኩል ላይ ያለች በመሆኗ፣ በዚህ ወቅት ፀሐይ ከእኛ በስተሰሜን በኩል ትወጣለች፣ ትጠልቃለችም፤ ስለዚህ ጠዋትና ማታ ጨረሯ በሰሜኑ መስኮት በሰያፍ ገብታ ሸራዬ ላይ ታርፋለች። ትናንት በዚያ ብርሃን ያስተካከልሁት የጭቃ ግራጫ ዛሬ ቀትር ላይ ሐምራዊ ሆኖ አገኘሁት። መስኮቱን በነጭ አቡጀዲ ጋርጄ፣ ቀለም የመምረጡን ሥራ ከረፋዱ ሦስት ሰዓት እስከ ዘጠኝ ሰዓት ብቻ አድርጌዋለሁ።

ግንቦት 5

ሦስተኛው ቆጠራ፦ 640።

ሁለት ጊዜ ቆጠርሁት፤ አልተሳሳትሁም። ሽምብራው ከታጨደ ቆይቶ መሬቱ ተነቃቅቷል፤ ከ500ኛው እርምጃ በኋላ እግር መስመጥ ይጀምራል፤ ደንገሉ ሥሩ ከውኃ ወጥቶ በደረቅ ቆሟል። ከታንኳ ሠሪዎቹ አንዱ የታጨደ ደንገል በየእስሩ ዘርግቶ ያደርቅ ነበር። ልጅ ሆኜ በዚህ ወር ባዶ እንስራ ይዤ የምሄደው እየሮጥሁ፣ ሞልቼ የምመለሰው ሦስት ጊዜ እያረፍሁ ነበር፤ ሦስተኛዋ ማረፊያ የነበረችው ሾላ ዛሬም አለች።

ማታ ከተማ እንደገባሁ ሜትሩን ይዤ ሸራው ፊት ቆምሁ። 640 በ3.5 ሚሊ ሜትር ሲባዛ 224 ሳንቲ ሜትር ይሆናል። ለውኃው ግማሽ ሜትር ይተርፈኛል ባልሁበት ቦታ የተረፈኝ 16 ሳንቲ ሜትር ብቻ ነው። መለኪያውን ላሳጥረው እንዴ ብዬ አሰብሁ፤ ወዲያው ግን ተውሁት። በግንቦት ባሕሩ ለእኛ ይህን ያህል ነበር፤ ከረጅም መሬት ጫፍ ላይ ያለች ቀጭን ብርሃን። ስንት ጊዜ «ደረስሁ» ብዬ ያልደረስሁባት።

ግንቦት 16

ውኃውን በሁለት ጠዋት ሣልሁት። ከቱቦ የወጣው ነጩ ብቻ ነው፤ የቀረው ቀይ አፈርና የተተኮሰ ዋልካ ነው። ጫፉ ላይ ያለችውን ክር የምታህል ብርሃን በጣቴ አሳረፍኋት።

ግንቦት 20

አጎቴ ለዓይናቸው ሕክምና መጥተው እኔ ዘንድ አደሩ። ጠዋት ቡና እስኪፈላ ከሸራው ፊት ወንበር አቀረብሁላቸው። ዓይናቸው ስለደከመ ቀረብ ብለው በእጃቸው እየተከተሉ አዩት፤ ሽምብራውን፣ ንቃቃቱን፣ ደንገሉን በስም በስም ጠሩ። ከዚያ እጃቸው ወደ ታች ተመልሶ ጠርዙ ላይ ቆመ።

«ቤቱስ የት አለ?» አሉኝ።

ቤቱን አልሣልሁትም ነበር፤ ቆጠራው የተጀመረው ከደጃፉ ድንጋይ ስለሆነ ቤቱ ከሥዕሉ በታች ነው የሚሆነው። ይህንኑ ነገርኋቸው። ጥቂት አሰቡና ወንበራቸውን ወደ ኋላ ሳብ አድርገው፣ «እንግዲያ እኛ የተቀመጥንበት ነዋ» አሉኝ።

ሥዕሉን በዓይን ከፍታ ልሰቅለው ምስማር መትቼለት ነበር። ከሰዓት በኋላ ምስማሩን ነቀልሁና የታችኛው ጠርዝ ወለሉን እንዲነካ አድርጌ አቆምሁት። ቫርኒሹ ዘይቱ ከውስጥ እስኪደርቅ ስድስት ወር መጠበቅ ስላለበት፣ የሚቀባው ኅዳር ላይ ነው።